ቀይ ዳማዋ

ደብረ ብርሃን ታኅሣሥ ላይ ብርዷ አይጣል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ጠላ ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ እናቴ የገናን ጠላ ስትጠነስስ ጋኑን ወደ ምድጃው ታስጠጋና እንደ አራስ ሴት ጋቢ ታለብሰዋለች። ልጆች ሳለን በቤታችን ጋቢ ሲያጥር ሳይለብስ የሚያድረው ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ጋኑ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ገና ስድስት ቀን ሲቀረው ስልክ ደወለችልኝ። «ጠላው ደርሷል፤ ነይና ቅመሽልኝ» አለች። ነገሩ ገረመኝ። እናቴ ቀምሳ ታቀምሳለች እንጂ ቅመሱልኝ ብላ አታውቅም። ጠላ ስትቀዳ በመጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ነው ለእንግዳ የምትሰጠው። በማግሥቱ 130 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ ተጉዤ ደረስኩ። ደጃፏ ላይ ያ የማውቀው እንጨት፣ ጫፉ ላይ ጣሳ እንደተደፋበት ቆሟል። ያንን ጣሳ ያየ መንገደኛ ቤቱ ጠላ ቤት መሆኑን ጠይቆ አይደለም የሚያውቀው።

የእናቴ ጠላ በሰፈሩ «ቀይ ዳማዋ» ይባላል። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ብዙ ሰው ገብሱን አጥቁሮ ይቆላውና ጠላው ጥቁር ቡና ይመስላል። እናቴ ግን አሻሮውን ወርቅማ ሲሆን ከምጣዱ ታወርደዋለች፤ እንኩሮውንም አታሳርረውም። ገብሱ ደግሞ የዚያው ዓመት አዲስ ገብስ መሆን አለበት። ኅዳር ላይ ታጭዶ የተወቃውን ትገዛና ግማሹን ለብቅል ትዘፈዝፋለች። ብቅሉ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖት ይበቅላል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ይፈጫል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ከተጠነሰሰ በኋላ ብቅሉና ቂጣው ይገቡበታል፤ እንኩሮው ሲጨመር ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውኃ ይጨመርበትና የጋኑ አፍ ተመርጎ ይቀመጣል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት እንዲያው ለአፍ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ባለሙያ እመስል ይሆናል። አንባቢን መዋሸት አልፈልግም፤ አንድም ቀን ጋን አጥቤ አላውቅም። እናቴ በዚያች ጣሳ ሦስት ልጆች አሳድጋለች፤ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬም የተከፈለው በጠላ ገንዘብ ነው። እኔ ግን ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ ቤታችን የት እንደሆነ አላሳይም ነበር። ልብሴ ጌሾ ጌሾ እንዳይሸት ደብተሬንና ዩኒፎርሜን ጎረቤት አስቀምጥ ነበር። አንድ ጊዜ የወላጅን ሥራ የሚጠይቅ ፎርም ተሰጠንና «ነጋዴ» ብዬ ሞላሁ። እሷ ፎርሙን ተቀብላ፣ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል ቀስ ብላ ፈረመችልኝ። ምንም አላለችም። አላነበበችውም ብዬ ተጽናናሁ።

እቤት እንደገባሁ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ በሩን ዘጋችው። «ለደንበኞቼ እንዳትናገሪ» አለችኝ። ባለፈው ክረምት ክፉ ጉንፋን ጥሏት ነበር። እሷ ብትድንም አፍንጫዋና ምላሷ አልዳኑም። ወጡን ጨው በዛው አነሰው ሳትለይ፣ የወይራውን ጭስ በዓይኗ እያየች ሳይሸታት፣ ስድስት ወር በልማድ ብቻ ስትጠምቅ ኖራለች። «እጄ ያውቀዋል ብዬ ነበር» አለች። «አሁን ግን ሰዎቹ አንድ ጣሳ ጠጥተው ይነሳሉ።»

የጋኑን አፍ ከፍታ ቀዳችልኝ። መልኩ ያው ነው፤ ቀይ ዳማ፣ ጥርት ያለ። አፌ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የገብሱ ጣፋጭነት መጣ፤ ወዲያው ግን የጌሾው ምሬት ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ አልለቅ አለኝ። ጌሾው ያለ ልክ በዝቷል። እናቴ ፊቴን ታያለች። ለአንዲት የ68 ዓመት ሴት ዕድሜ ልኳን የሠራችው ነገር ከእጇ መውጣቱን እንዴት ይነገራል?

«ግሩም ነው፣ እቴቴ» አልኩ።

ዝም ብላ አየችኝ። «አፌ ቢሞት ዓይኔ አልሞተም» አለች። «ውሸትሽ ድሮም ፊትሽ ላይ ነው። ‹ነጋዴ› ብለሽ የሞላሽ ጊዜም አይቼዋለሁ።»

ጣሳውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያነበበችውን ይዛ ኖራለች ማለት ነው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ፤ «እሱን ተይው። ጠላው ምን ሆነ?» አለች። ነገርኳት። መረረ አልኳት። ምሬቱ ሲጀምር ነው ወይስ ሲውጡት? ምላስ ላይ ነው ወይስ ጉሮሮ? ይጎመዝዛል? ጭሱስ ይሰማል? እንደ ሐኪም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቴን ጠላ አስተውዬ ጠጣሁ።

ቢራ ፋብሪካ ቢሆን ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። በአገራችን የጊዮርጊስ ቢራ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠመቅ ኖሯል፤ እዚያው ደብረ ብርሃንም ሐበሻ ቢራ እ.ኤ.አ. በ2015 መጠመቅ ጀምሯል። በፋብሪካ ምሬቱ የሚመጣው ከሆፕስ ነው፤ መጠኑም በመሣሪያ ይለካል፤ እርሾው ተመርጦ የተራባ ነው። የጠላ እርሾ ግን ከጌሾው ቅጠል፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ የሚመጣ ስለሆነ የሁለት ቤት ጠላ አንድ ሆኖ አያውቅም። የእናቴ ቤተ ሙከራ ምላሷ ነበር። እሱ ሲዘጋ የተጻፈ መዝገብ የለም፤ የተማረ ልጅም የለም። ሦስት ልጆቿ ከጋኑ ለመራቅ ነበር የተማርነው።

እናቴ ግን አልተከዘችም። ጠላውን ለሁለት ጋን ከፈለችው፤ አዲስ እንኩሮና ብቅል ጨመረችበት፤ ውኃም አከለች። እኔ ምጣዱ ላይ ቆሜ አሻሮ ስቆላ እሷ ከኋላዬ ሆና «አውርጂ፣ አውርጂ፣ ልታጠቁሪው ነው!» ትለኛለች። ያን ቀን እጄን አቃጠልኩ። ጋቢዬንም ለሁለተኛው ጋን ሰጥቼ እየተንቀጠቀጥኩ አደርኩ።

የገና ዋዜማ ማታ እንደገና ቀመስኩ። ገብሱ መጣ፤ ጌሾው ተከተለ፤ ጭሱ በመጨረሻ በአፍንጫ በኩል ወጣና ጠፋ። ምሬቱ ጥቂት ቀርቷል። «ደኅና ነው፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም» አልኳት። ሳቀች። «አሁን እውነት ተናገርሽ፤ ይሸጣል» አለችና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ምንም ባይሰማትም፣ እንደ ልማዷ ቀመሰች።

በማግሥቱ ቤቱ በደንበኛ ሞላ። አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ሦስተኛ ጣሳቸውን እያስቀዱ ማን እንደሆንኩና ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ መልሴን ትጠብቃለች።

«ጠላ እቀምሳለሁ» አልኳቸው።

አሁን በየወሩ እሄዳለሁ። አሻሮውን ከምጣድ የማወርድበትን ሰዓት ግን እስካሁን በትክክል አላገኘሁትም።