ይደገም!

ጥፋታችንን በመናዘዝ እንጀምር። እኛ «ይደገም!» ባዮች ነን። ኮንሰርት ላይ ዘፋኙ አዲስ ሥራውን ሊያሰማ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ከኋላ ሆነን የድሮውን ዘፈን በስሙ እየጠራን የምንጮኸው እኛ ነን። እስኪዘፍነው ድረስ አንለቀውም። ይሄ ፍቅር እንጂ ሌላ ነገር ይሆናል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ከአርቲ ሾው ጋር እስክንተዋወቅ ድረስ።

ያስተዋወቀን አንድ ጓደኛችን በፍላሽ ያመጣው ሙዚቃ ነው። «ቢጊን ዘ ቢጊን» ይባላል። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። ባንዱ ባጭሩ ያንደረድርና ክላርኔቱ ይገባል። አይጮህም፣ አይቸኩልም። የሚያወራው ነገር እንዳለውና ጊዜም እንዳለው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ተንሸራቶ ይወጣና እዚያው ይለየናል። እንዳለቀ ሁላችንም ባንድ አፍ «ድገመው!» አልን። በዚያ ማታ ስንቴ እንደተደገመ የቆጠረ የለም።

ታሪኩን ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሾው በ1910 ኒውዮርክ ውስጥ ከስደተኛ አይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የወላጆቹ ስም አርሻውስኪ ነበር። ሙዚቃው ስዊንግ ነው፤ በ1930ዎቹ የአሜሪካ ወጣት በትልልቅ ባንዶች የሚጨፍርበት ጃዝ። በጊዜው «የስዊንግ ንጉሥ» የሚባለው ቤኒ ጉድማን ነበር፤ እሱም ክላርኔት ነፊ።

ጁላይ 24 ቀን 1938 ሾው ባንዱን ይዞ ስቱዲዮ ገባ። «ቢጊን ዘ ቢጊን» ኮል ፖርተር ለ1935ቱ «ጁብሊ» የሙዚቃ ቴአትር የጻፈው ዘፈን ነው። በሙዚቀኞች ልኬት የተለመደው ዘፈን 32 ባር ሲሆን ይሄ ግን 108 ነው። አሳታሚዎቹ ብዙ ተስፋ አልጣሉበትም። ተስፋቸውን «ኢንዲያን ላቭ ኮል» የተባለው ዘፈን ላይ አድርገው ይሄንን ከሸክላው ጀርባ ለጠፉት። አገር ያዳረሰው ጀርባው ሆነ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ስቱዲዮ ቢሊ ሆሊዴይ «ኤኒ ኦልድ ታይም»ን ዘፈነች። ጥቁር ዘፋኝ ከነጮች ባንድ ጋር፣ ያውም በ1938 በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ከተሞች እየዞረች! ስድቡን ችላ ብዙ ተጓዘች። ኒውዮርክ ደርሳ ግን አንድ ሆቴል «በዕቃ ማመላለሻው አሳንሰር ውጪ» አላት። በዓመቱ መጨረሻ ባንዱን ተወች። ከባንዱ ጋር ያሳተመችው ያንን አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ እሱም ከሌላ አሳታሚ ጋር ውል ስለነበራት ከገበያ ተሰበሰበ። «ይደገም!» የሚያሰኝስ ይሄ ነበር። አልተደገመም።

እንግዲህ ሾው ወደየትም ቢሄድ ሕዝቡ የሚጠይቀው «ቢጊን»ን ሆነ። ያውም ልክ ሸክላው ላይ እንዳለው፣ አንድ ኖታ ሳይዛነፍ። እሱ አዲስ ነገር ሊሞክር ይፈልጋል፤ አዳራሹ ያንኑ ይለዋል። ኖቬምበር 1939፣ ዝናው ጣራ በነካበት ሰዓት፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከመድረክ ወርዶ ወጣ። ባንዱን ጥሎ ሜክሲኮ ገባ።

ሜክሲኮም አላስጣለችውም። እዚያ የሰማውን «ፍሬኔሲ» የተባለ ዜማ በ1940 ከነቫዮሊኖቹ ቀረጸው፤ እሱም ገነነ። ሸሽቶ የሄደበት አገር ሌላ «ይደገም!» አሸክሞ መለሰው። ከዚያ በኋላ ባንድ እያፈረሰ ባንድ ሲያቋቁም ኖረ። ከዋናው ባንድ መሃል «ግራመርሲ ፋይቭ» የሚል ትንሽ ቡድን መዘዘ። ፒያኖ ተጫዋቹን የፒያኖ ቅድመ አያት በሆነው ሃርፕሲኮርድ ላይ አስቀመጠውና «ሰሚት ሪጅ ድራይቭ»ን ቀረጹ። ሃርፕሲኮርድ ስዊንግ ሲጫወት ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አንድ ጊዜ ስሙት።

በ1954 የመጨረሻዎቹን ቅጂዎች ሠራ። ፒያኖው ላይ ሃንክ ጆንስ፣ ጊታሩ ላይ ታል ፋርሎ አሉ። የ1938ቱን ከሰማን በኋላ እነዚህን ስንሰማ ዝም ነው ያልነው። የ38ቱ ክላርኔት መልሱን ያውቃል። የ54ቱ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ አንዳንዴ ዜማው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። «ሰሚት ሪጅ ድራይቭ» እዚህም አለ፤ ግን ሃርፕሲኮርዱ የለም፣ ጥድፊያው የለም። ሰውየው መድገም አልጠላም ነበር ማለት ነው። የጠላው እንደ ሸክላው መድገምን ነው።

ከዚያ ክላርኔቱን አስቀመጠ። ዕድሜው 44 ነበር። የሞተው በዲሴምበር 2004፣ በ94 ዓመቱ ነው። ሃምሳ ዓመት! በ1983 በስሙ ባንድ ሲቋቋም እንኳ ፊት ቆሞ መራ እንጂ አልነፋም፤ ክላርኔቱን የያዘው ዲክ ጆንሰን ነበር።

እዚህ ላይ ተጣላን። አንዳችን «ትዕቢተኛ ነው፤ የወደደውን ሕዝብ ናቀ» አለ። ሌላዋ «ራሱን ነው ያዳነው» አለች። ለነገሩ ሁሉንም በአድማጭ ማላከክ አይቻልም። ሰውየው ፍጹም ካልሆነ የማይዋጥለት ዓይነት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ከራሱ የሚያስጥለው የለም። ሁላችንንም ያስማማን ነገር ግን አለ። ያ የ54ቱ ክላርኔት በ60 እና በ70 ምን ይል እንደነበር አንሰማም። ከዚህ ኪሳራ ውስጥ የ«ይደገም!» ባዮች ድርሻ አለበት። መድገም የሸክላ ሥራ ነው፤ ለዚያ ተፈጥሯል፣ አይደክመውም። ሰው ፊታችን ቆሞ ሲጫወት ግን አጠገባችን ያለው ዛሬ የሚያስበው ነገር ነው፤ እሱን ሳንሰማ የትናንቱን እንለምናለን።

ባለፈው ሰሞን ኮንሰርት ሄድን። ዘፋኙ «አንድ አዲስ ሥራ አለችኝ» አለ፣ ፈራ ተባ እያለ። አንዱ ጓደኛችን አፉን ሊከፍት ሲል ጎኑን ጎሰምነው። አዲሷን ሰማናት። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አልነበረችም። ግን እስከ መጨረሻው ሰማናት፣ አጨበጨብንም።

ማታ ቤት ገብተን የ54ቱን ከፈትን። ሲያልቅ ምን እንዳልን እናንተው ገምቱ።