ያቺ አገጯ የሚንቀጠቀጠው ሴትዮ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስድስት ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ተደራርበን የድሮ የእንግሊዝ ፊልም አየን። «ብላይዝ ስፒሪት» ይባላል፤ ዴቪድ ሊን በ1945 ያዘጋጀው ነው (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። መናፍስት ጠሪዋ ማዳም አርካቲ በብስክሌት ከች ስትል ሳቃችን ጎረቤት ቀሰቀሰ። አንዷ ብቻ አልሳቀችም።

ምክንያቷን እናውቀዋለን። አምና ለአንድ የቴአትር ቡድን ልትፈተን ሄዳ «ድምፅሽ ግሩም ነው፤ ፊትሽ ግን ለመድረክ አይሆንም» ተብላ ተመልሳለች። እኛም ቀን አጽናንተናት ስናበቃ፣ ማታ እሷ በሌለችበት በመልኳ ቀልደናል። እውነቱን መደበቅ ምን ይጠቅማል?

«ሴትዮዋ ማናት?» አለችን። በማግስቱ ስናገላብጥ ዋልን።

ማርገሬት ራዘርፎርድ ትባላለች። («እሷ» ማለታችን ንቀት አይደለም፤ አርቲስት አንቱ አይባልም ብለን ነው።) በ1892 ለንደን ተወለደች። ከመወለዷ 9 ዓመት በፊት አባቷ አእምሮው ተነክቶ፣ ሰባኪ የነበረውን የገዛ አባቱን ገድሏል። ብሮድሙር ከሚባለው የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ገብቶ በ1890 ወጣ። ከዚያ ሕንድ ሄዱ፤ እዚያ እናቷ ራሷን አጠፋች። ሕፃኗን ዊምብልደን ያለች አክስቷ አሳደገቻት። አባትሽ ሞቷል ይሏት ነበር፤ 12 ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ ለካ በሕይወት አለ፣ ተመልሶም ብሮድሙር ገብቷል! እንደሱ እሆን ይሆን እያለች በፍርሃት ኖረች። እስኪ ይህን ይዛችሁ ያንን ሳቅ አስቡት።

ፒያኖና የንግግር ስልት ስታስተምር ቆይታ፣ አክስቷ ጥቂት ውርስ ትታላት ስትሞት ኦልድ ቪክ ቴአትር ገባች። በ1925 መድረክ ላይ ስትወጣ 33 ዓመቷ ነበር። በዚህ ዕድሜ እኛ ዘንድ «አርፈሽ ልጅ አሳድጊ» ትባላለች። የመሪ ተዋናይት መልክ አልነበራትምና የሚሰጧት አስተማሪዎች፣ አክስቶች፣ ነካ ያደረጋቸው ባልቴቶች ነበሩ። አርካቲን በ1941 በመድረክ እንድትጫወት ስትጠየቅ፣ በመናፍስት በሚያምኑ ሰዎች ላይ ማላገጥ አልፈልግም ብላ አንገራግራ ነበር። እኛን የሚያስቀን ይኸው ይመስለናል፤ ሴትዮዋ አትቀልድም።

የአጋታ ክሪስቲን ሚስ ማርፕል እንድትሆን ሲለምኗትም የግድያ ታሪክ አልወድም ብላ ነበር። ለምን ቢሉ፣ አባቷን ማስታወስ ይበቃል። በኋላ እሺ ብላ ከ1961 እስከ 1964 አራት ፊልም ሠራች፤ ባሏ ስትሪንገር ዴቪስም አብሯት ይጫወታል (የተጋቡት ሃምሳን ካለፈች በኋላ ነው!)። ክሪስቲ በፊልሞቹ ብዙም ባትደሰትም በ1962 አንድ ልብ ወለዷን ለእሷ ማስታወሻ አድርጋላታለች።

አሁን ደግሞ ኦስካሩ። በ1963 በወጣው «ዘ ቪ.አይ.ፒ.ስ» ፊልም ውስጥ መሪዎቹ ኤልዛቤት ቴይለርና ሪቻርድ በርተን ናቸው። ቴይለርን ማን አያውቅም፤ ቁንጅና ራሷ! ከዚያ ፊልም ግን ኦስካር ይዛ የሄደችው፣ በአጃቢ ተዋናይት ዘርፍ፣ የ71 ዓመቷ ማርገሬት ነበረች። በ1972 ሞተች።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን አነበብንላት። ዝም ብላ ሰማችና «33 ነው ያላችሁት?» አለች። አዎ አልናት። «እስቲ ብስክሌቱ ጋ መልሱት።» መለስንላት። በዚህኛው እሷ ሳቀች፤ እኛ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት አልሆንልን አለ።

አምና ማታ ያልነውን እስከ ዛሬ አልሰማችም። ይህችን መጽሔት ግን ሳታነብ አታልፍም።