በ«ኦ» እና በ«ኡ» መካከል የቆመ ጡረታ

ጋምቤላ ውስጥ፣ በባሮ ዳር ከማንጎው ጥላ ሥር የሚያርፉ አዛውንቶችን ዕድሜያቸውን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ቁጥር አይነግሯችሁም። «ባሮ ሞልቶ ሰፈራችንን የወሰደ ዓመት ነው የተወለድኩት» የሚል አለ። «ከሱዳን መርከብ ይመጣ በነበረ ጊዜ ልጅ ነበርኩ» የሚልም አለ። በቤተሰብ መካከል ይህ በቂ ነው፤ ታላቅና ታናሽ ይለይበታል። የጡረታ ቅጽ ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ይፈልጋል። ስምንም ከነአባት ከነአያት፣ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፎ ማየት ይፈልጋል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሚወድቁ ቤተሰቦች ነው። ከጎሬ መጥቼ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ30 ዓመት በላይ አገልግያለሁ። አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት የሠራተኞች የግል ማኅደር በሚያዝበት ክፍል ነው። ስሙ «ሠራተኛ አስተዳደር» ነበር፣ ኋላ «የሰው ሀብት» ተባለ። ሥራው ግን ያው ነው፤ ሰው ሲቀጠር ፋይል መክፈት፣ እድገት ሲያገኝ ደብዳቤ ማያያዝ፣ ዕድሜው ሲደርስ ወይም ሲሞት ማስረጃውን አሟልቶ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና መላክ። አሁን እኔም ጡረተኛ ነኝ፣ የልጅ ልጆችም አሉኝ።

በመጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር፤ ጡረታን የመንግሥት ችሮታ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነውና። ችሮታ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። ዛሬ በሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ዘበኛም ሆነ መሐንዲስ፣ በየወሩ ከፔሮሉ ላይ ይቆረጥበታል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። 10 ዓመት ያልሞላው የሚያገኘው አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው።

ስሌቱም ቢሆን ምስጢር የለውም። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይወሰዳል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አንድ ሠራተኛ 28 ዓመት አገልግሎ አማካይ ደመወዙ 4,000 ብር ቢሆን፣ 30 በመቶውና የ18 ዓመቱ 22.5 በመቶ ተደምሮ 52.5 በመቶ ይመጣል። ይህም በወር 2,100 ብር ነው። እሱ ከሞተ ሚስቱ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 1,050 ብር፣ በሕጉ የዕድሜ ገደብ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶውን፣ ማለትም 420 ብር ያገኛል። የሁሉም ድምር ከሟቹ አበል መብለጥ ስለማይችል፣ ልጆቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል።

1,050 ብር ዛሬ ገበያ ወጥቶ ምን ያህል ይገዛል የሚለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ይህችው ትንሽ ገንዘብ በየወሩ ሳትቋረጥ መምጣቷ የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር ለሚያስብ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ስትቀርም የምትጎዳው ያንኑ ሰው ነው።

እንዴት እንደምትቀር አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ ታሞ ሞተ። አኙዋክ ነበር። በአኙዋክ ዘንድ የወንድ ስም በአብዛኛው በ«ኦ»፣ የሴት ስም በ«አ» ይጀምራል፤ ወንዱ ኦባንግ ቢባል ሴቷ አባንግ ትባላለች። ይህን ድምፅ በእኛ ፊደል የሚጽፈው ሰው እንደሰማው ነው የሚጽፈው። አንዱ «ኦ» ይላል፣ ሌላው «ኡ» ይላል። የዚህ ሰው የቅጥር ደብዳቤ በ«ኦ» ተጽፏል። ከዓመታት በኋላ ፔሮሉ በሌላ እጅ ሲገለበጥ «ኡ» ሆነ። ሚስቱ የያዘችው የጋብቻ ወረቀት ላይ ደግሞ ስሙ በ«አ» ይጀምራል። በወረቀቱ መሠረት ሴት ያገባች ሴት ሆነች ማለት ነው።

ባለቤቱ አማርኛ ብዙም አትናገርም ነበር። ይዛት የመጣችው የ13 ዓመት ልጇ ናት፤ እያስተረጎመችላት ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሄድ ስለነበር ማንበብ ትችላለች። ሦስቱን ወረቀቶች እያፈራረቀች ካየች በኋላ «አባቴ ሦስት ስም ነበረው እንዴ?» አለችኝ። እናትየዋ ምን እንዳለች ጠየቀቻት። ስትነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ ባሏን 20 ዓመት ሙሉ የጠራችው በአንድ ስም ነው።

መፍትሔው ፍርድ ቤት ነበር። የሦስቱ ስሞች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚመሰክሩ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። የሥራ ባልደረባው፣ የሰፈራቸው ሽማግሌና አንድ ዘመዱ ቆሙላት። ቀጠሮ ተሰጠ፣ ዘነበ፣ መንገድ ተበላሸ፣ አንዱ ምስክር ቀረ፣ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። በዚህ መካከል ሴትዮዋ ከባሮ የወጣ ዓሣ አድርቃ እየሸጠች ልጆቿን ታበላ ነበር። የመጨረሻው ውሳኔ ተጽፎ፣ ፋይሉ ተሟልቶ አበሉ ሲጀመር 11 ወር አልፎ ነበር። ውዝፉ ተከፈላት። ትልቋ ልጅ ግን በዚያ ዓመት ከትምህርት ገበታዋ ቀርታ ነበር። ያንን ዓመት የሚከፍል ውዝፍ የለም።

ሕጉ ማስረጃ መጠየቁን አልቃወምም። ካልጠየቀ የአንዱን አበል ሌላው ይወስደዋል፤ ያለ ማስረጃ የመጣ «ሚስት» እና «ልጅ» በዘመኔ ጥቂት አላየሁም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያቺን የፊደል ጭረት የጨመረው ሟቹ አይደለም፣ ሚስቱም አይደለችም፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው። ሰውየው በሕይወት እያለ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ማመልከቻና በአንድ መታወቂያ ያልቅ ነበር። ባለቤቱ ቆሞ «እኔ ነኝ» እያለ የሚስተካከል ስምና ባለቤቱ ከተቀበረ በኋላ የሚስተካከል ስም በጣም ይለያያሉ።

የዕድሜም ነገር እንዲሁ ነው። የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ካስመዘገበው የትውልድ ዘመን ተነሥቶ ነው። በ1970ዎቹ ጋምቤላ ውስጥ ሲቀጠሩ የልደት ወረቀት የነበራቸው ስንት ናቸው? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው በግምት ተመዘገበ። «18 ካልሞላህ አትቀጠርም» ሲባል ሁለት ሦስት ዓመት የጨመረም አለ። ያ ጎረምሳ 60 ሲሞላው በወረቀት እንጂ በአጥንቱ 57 ነው። «ገና እሠራለሁ፣ ትንሿ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት» ብሎ ቢለምን የመጀመሪያው ቅጽ ይወጣና ይታያል። ኋላ የሚመጣ ሌላ የልደት ወረቀት ያንን አይሽረውም።

በጋምቤላ ይህን የሚያብሰው ሌላም ምክንያት አለ። አካባቢው ቀድሞ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበረ የብዙ ቀደምት ሠራተኞች ደብዳቤ መቱ ደርሶ የተመለሰ ነው። አስተዳደሩ በተለወጠ ቁጥር ፋይል በጆንያና በካርቶን ተጓጉዟል። አንዳንዱን እርጥበቱ አበላሸው፣ አንዳንዱን ምስጥ በላው። የእኔ ሥራ ግማሹ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው እየጻፉ «ይህ ሰው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እናንተ ዘንድ ማገልገሉ ይረጋገጥልን» ማለት ነበር። መልስ ያልመጣለት ዓመት ከስሌቱ ይወጣል። አንድ ዓመት ማለት 1.25 በመቶ ነው፤ አምስት ዓመት ሲጠፋ ከ6 በመቶ በላይ፣ ያውም ዕድሜ ልክ።

በቀን ሠራተኝነት ያለፈ ጊዜም አለ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ለቋሚ ሠራተኛ ነው። መንገድ ሲጠርግ፣ ቦይ ሲቆፍር ስምንት ዓመት በቀን ሒሳብ ተከፍሎት ከዚያ ቋሚ የሆነ ሰው የሚቆጠርለት ቋሚ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህን ቀደም ብሎ የሚነግረው ከሌለ የሚሰማው በመሸኛው ቀን ነው። ፊቱን ላየው ሰው ከባድ ነው።

ጋብቻውስ? በኑዌር ዘንድ ከብት ተነድቶ፣ በአኙዋክ ዘንድ በፊት ዲሙይ የሚሉት ጨሌ ተሰጥቶ ጋብቻ ይጸናል። ሁለቱም ቤተሰብ ያውቃል፣ አገር ይመሰክራል። ይህ ጋብቻ እውነተኛ ጋብቻ ነው። ሆኖም በሽማግሌ ልብ ውስጥ ያለ ምስክርነት ሽማግሌው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ወደ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያስመዘገበው ግን ወረቀቱ ይቀርለታል። የጡረታ ሕጉ ሚስትን፣ ባልንና ልጅን «ወራሽ» አይላቸውም፣ «ተተኪ» ነው የሚላቸው። በሟች ልጃቸው ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆችም ከተተኪዎቹ መካከል ናቸው። አያቶች፣ ይህችን ነጥብ ልብ በሉልኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን ቤታችን ውስጥ አንነጋገርበትም? እኔ እንደታዘብኩት ፍርሃት ነው። «ስሞት የምትበሉትን ከአሁኑ ልትቆጥሩ ነው?» የሚል አባት አለ። «አትሟርቱብን» የምትል እናት አለች። ልጆችም ጠይቀው ስግብግብ መባልን ይፈራሉ። ስለዚህ ሁሉም ዝም ይላል፣ ፋይሉም እንደተዘጋ ይቀመጣል። እኔ ቤት የተደረገው እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረው ልጆቹን ሰብስቤ «ስለ ሞት አናወራም፤ ስለ አባታችሁ ስም ነው የምናወራው» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሁሉ አልጋው ላይ ዘርግተን በየተራ ስሙን ጮክ ብለው አነበቡ። እሱም ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ የት የት እንደሠራ ተረከላቸው። ልጆቹ ስለ አባታቸው ያን ቀን የሰሙትን ያህል ከዚያ በፊት ሰምተው አያውቁም።

እናንተም በዚህ ሳምንት ይህን አድርጉ። በሥራ ላይ ያላችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ሄዳችሁ የግል ማኅደራችሁን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ የራሳችሁ ነው። የሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ የሚስታችሁ፣ የባላችሁና የልጆቻችሁ ስም መኖሩን እዩ፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ካለ አስመዝግቡ። የቅጥር ደብዳቤውን፣ ቋሚ የሆናችሁበትን ደብዳቤ፣ የዝውውርና የእድገት ደብዳቤዎችን ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ከእርጥበትና ከምስጥ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ። በሌላ ቦታ የሠራችሁበት ዓመት ካለ የዚያን መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ሰው እያለ አስመጡ። መታወቂያው፣ የባንክ ደብተሩና የጋብቻ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ከቅጥር ደብዳቤው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የፋይዳ መታወቂያ ስሙን በአማርኛም በላቲንም ፊደል ስለሚጽፍ፣ ስትመዘገቡ መዝጋቢው የጻፈውን ከመጽደቁ በፊት አንብቡት።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ያሏችሁ ልጆችም ይህን ሥራ ለእነሱ ሥሩላቸው። አባባን «ስምህ እንዴት ነው የሚጠራው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ደግሞ እንዲናገር አድርጉት፣ ከዚያ ወረቀቱን ተመልከቱ። ፊደሉ ካልገጠመ ነገ ጠዋት ይዛችሁት ሂዱ። እሱ ቢሮው ደጃፍ ቆሞ «እኔ ነኝ» ሲል ሥራው የአንድ ቀን ነው።