ለአዲሱ ዓሣ ቦታ

ሳሎናችን ጥግ ላይ 1 ሜትር ከ20 የሚረዝም አኳሪየም አለን። በውስጡ ያሉት ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች መገኛቸው የማላዊ ሐይቅ ነው፤ ሲክሊድ ከሚባለው ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ ናቸው። እኛ ቆሮሶ እያልን ጠብሰን የምንበላው ቲላፒያም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የእኔዎቹ ግን በድንጋይ መካከል ስለሚኖሩ በአገራቸው «ምቡና» ይባላሉ፤ የድንጋይ ዓሣ ማለት ነው። ስለዚህ እነርሱን የሚያኖር ሰው ዋናው ሥራው ድንጋይ መደርደር ነው።

ስጀምር ያሰብኩት ለተመልካች ዓይን ብቻ ነበር። ረቡዕ ማታ ለጸሎት የሚመጡት ወገኖች እንዲያደንቁልኝ ነጭ አሸዋ አነጠፍኩ፤ በላዩም ከግንባታ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ አጥቤ እንደ ግንብ ካብኩ። እውነትም ያምር ነበር። ሲክሊዶች ግን መቆፈር ልማዳቸው ነው፤ አሸዋውን በአፋቸው እየዛቁ ከድንጋዩ ሥር አወጡት። አንድ ሌሊት ካቡ ተንዶ አንዱን ዓሣ ገደለው። መስታወቱ አለመሰበሩ የጌታ ምሕረት ነው።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ተማርኩ። ትልልቆቹ ድንጋዮች አሸዋ ከመፍሰሱ በፊት ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሥራቸው ስስ ስፖንጅ ይደረጋል። እያንዳንዱ በእጅ ሲነካ መነቃነቅ የለበትም። አሸዋው በመጨረሻ ዙሪያውን ይፈስሳል። ክምሩ መሃል ላይ ከሚቆም በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ወደ ሌላው ዝቅ እያለ ቢሄድ ለዓይን ይማርካል። ከሁሉም በላይ ሁለት በር ያላቸው ዋሻዎች ያስፈልጋሉ፤ አሳዳጁ በአንዱ ሲገባ ተሳዳጁ በሌላው እንዲያመልጥ።

በ2014 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ በሞት ተለየን። እናቱ ቀድማ ስላረፈች የ11 ዓመት ልጁን እኛ ወሰድነው። በሁለቱ ልጆቻችን ክፍል ፍራሽ ዘረጋንለት። ማንም አልመታውም፣ ማንም ክፉ አልተናገረውም። ነገር ግን አልጋው የልጆቼ፣ ቁም ሣጥኑ የልጆቼ፣ ጠረጴዛውም የልጆቼ ነበር። የእርሱ ልብስ ለ6 ወር በመጣበት ሻንጣ ውስጥ ቆየ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አኳሪየሙ ፊት ይቀመጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ቢጫ ዓሣ ገዝቼ አስገባሁ። ነባሩ ሰማያዊ ወንድ አሳደደው፤ ወደየትኛውም ዋሻ ቢሸሽ ባለቤት አለው። በማግስቱ ክንፉ ተቀዳዶ ከላይ ጥግ፣ ከማሞቂያው ጀርባ ተለጥፎ አገኘነው። የወንድሜ ልጅ ብዙ ሲያየው ቆየና፣

«አጎቴ፣ ምን አጥፍቶ ነው?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋም። ቦታው ሁሉ ተይዞበት ነው።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ።

ዓሣውን ለሸጠልኝ ወጣት ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ድንጋዮቹን በሙሉ ያውጧቸውና በሌላ መልክ ይደርድሩ። ነባሮቹ የያዙት ሠፈር ሲፈርስ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል» አለኝ። እኔና ልጁ እጅጌያችንን ሰብስበን እስኪመሽ ሠራን። ነባሮቹ ዓሦች ግራ ተጋቡ እንጂ አልተጎዱም። ማሳደዱ ጨርሶ ባይቀርም በሦስተኛው ቀን አዲሱ ዓሣ በአንዲት ዋሻ ደጃፍ ቆሞ አየነው።

ድንጋዮቹን በደረደርንበት ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እርስ በርስ ስለ መቀባበል የሚናገረውን ሮሜ 15፥7ን ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ! ጌታ በልቤ ወቀሰኝ። ከቤታችን አንዲት ዕቃ ሳናንቀሳቅስ ልጁን በላዩ ጨመርነው እንጂ አልተቀበልነውም ነበር። ለባለቤቴ ስነግራት አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉን እስከ ወለሉ ባዶ አደረግነው። ሦስት አልጋ እንዲገባ ጠረጴዛው ወደ ሳሎን ወጣ። ቁም ሣጥኑ ለሦስት ተከፈለ። የአልጋውን ቦታ በዕጣ ወሰንን፤ የመስኮቱን ጥግ ያጣው ትልቁ ልጄ አንድ ሳምንት አኮረፈ። እኔም ከእርሱ ጋር ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብናደርግ ኖሮ ነገሩ አይከብደውም ነበርና። ማታ የወንድሜ ልጅ ባዶውን ሻንጣ ይዞ መጥቶ ለባለቤቴ ሰጣት። «የት ላስቀምጠው?» አላት።

ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ወይም በኅብረትዎ አዲስ የመጣ ሰው ይኖር ይሆናል። «ቦታ አለ» ማለት ቀላል ነው። እስኪ ስለ እርሱ ሲሉ የትኛውን ድንጋይ እንዳነሡ ራስዎን ይጠይቁ። እኔ ይህን ለመማር 6 ወርና አንድ የቆሰለ ዓሣ አስፈልጎኛል። ጌታ ሁላችንንም ይርዳን።