ከንቅለ ተከላው በኋላ ያሉት 100 ቀናት

በሽተኛ መጠየቅ በኛ ዘንድ ሐቅ ነው። የታመመ ሰው ቤት ሳይንኳኳ አይውልም፤ ሆስፒታል ከገባም ኮሪደሩ በዘመድና በጎረቤት ይሞላል። ይህ መልካም ልማድ ግን የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ዘንድ ሲደርስ መልኩን መቀየር አለበት።

ታላቅ ወንድሜ የደም ካንሰር ታሞ በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ይህ ሕክምና ተደረገለት። ሲያትል መቅኔን ከሰው ወደ ሰው የማዛወርን ሕክምና ፈር በማስያዛቸው በ1990 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ዶክተር ዶናል ቶማስ የሠሩባት ከተማ ናት። የወንድሜን የታመመ መቅኔ በኃይለኛ መድኃኒት አጠፉት፤ ከታናሽ እህታችን የተወሰዱት ደም አምራች ሴሎችም በከረጢት ተንጠልጥለው እንደ ተራ ደም በደም ሥሩ ገቡ። ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ዘመድ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገለ» አለ። ሐኪሞቹ ግን ቀን መቁጠር የጀመሩት ገና ያን ዕለት ነበር።

ለምን ቢባል፣ አዲሱ መቅኔ በሳምንታት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎችን ማምረት ቢጀምርም፣ ቫይረስን ለይቶ የሚያጠቃው የመከላከል ኃይል እስኪጎለብት ወራት ይፈጃል። የለጋሹ ሴሎች የተቀባዩን አካል እንዳያጠቁ የሚሰጠው መድኃኒትም ይህንኑ ኃይል ያዳክመዋል። ያን ጊዜ በሰውነት ውስጥ አድፍጦ የኖረው ይነሣል። ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚባለው፣ ብዙዎቻችንን በልጅነት ይዞን ሳናውቀው አብሮን የሚኖር ነው። ጤነኛውን ሰው እምብዛም አይጎዳም፤ እንዲህ ባለው ሕመምተኛ ላይ ግን ሳንባንና አንጀትን እስከ ማቁሰል ይደርሳል።

ወንድሜ በ4ኛው ሳምንት ከሆስፒታል ወጥቶ በ47ኛው ቀን ተመልሶ ገባ። በየሳምንቱ በሚደረገው የደም ምርመራ ቫይረሱ ተገኝቶበት ነበር። ጋንሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ገና የበቀሉትን ነጭ የደም ሴሎች ስላመነመነበት ወደ ፎስካርኔት ተዛወረ። ይህኛው ደግሞ ኩላሊት የሚጎዳ በመሆኑ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥሩ እየተሰጠውና ኩላሊቱ እየተመረመረ 3 ሳምንት ተኛ። ወጣ ሲባል ቢኬ የተባለ ሌላ ቫይረስ ፊኛውን አድምቶ 15 ቀን መልሶ አስተኛው። ለዚህኛው እስከ ዛሬ ፍቱንነቱ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ፊኛውን በቱቦ እያጠቡ፣ ደም እየተኩ መጠበቅ ነው።

አስታማሚው እኔ ስለነበርኩ ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት 36ቱን ያስተኛው ካንሰሩ ሳይሆን ቫይረስ ነው። በዚህ ውስጥ የነርሶች ድካም አለ፤ እህታችን ከሥራ ቀርታ ያጣችው ደመወዝ አለ፤ ያን አልጋ የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛም አለ።

ከዚያ ወዲህ ሸክሙ በከፊል ቀልሏል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሌተርሞቪር ሳይቶሜጋሎቫይረስ ከመነሣቱ በፊት ለመከላከል የሚወሰድ ነው። ቢኬን ግን አያግድም፤ ጠያቂ ይዞት የሚገባውን ጉንፋንም አያግድም። ለኛ የአንድ ሳምንት ንፍጥ የሆነው ቫይረስ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጥየቃው ይቅር? አይቅር። የሲያትል ወገኖቻችን መንገዱን አሳይተውናል። አንዱ ወደ ምርመራው በመኪና ያመላልሰን ነበር፤ አንዷ ለአስታማሚ ምግብ ታደርሳለች፤ ሌላው እኔ እንድተኛ ሌሊቱን ይተካኛል። ክፍሉ የሚገባ ሁሉ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይገባል። ያሳለው በስልክ ይጠይቃል፤ ማንም አይቀየመውም።

አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ። ወንድሞችና እህቶች! እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና «ምን ልሥራላችሁ?» ብላችሁ አስታማሚውን ጠይቁ። አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን።