ከውቅሮ እስከ አብርሃ ወአጽብሐ

በመስከረም ወር መጨረሻ ከመቀሌ ተነሥተን የአዲግራትን መንገድ ይዘን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ውቅሮ ከተማ ደረስን። የጕዟችን ምክንያት፣ የእርሻ መሬት የሌላቸው ወጣቶች በተጐዳ ተራራ ላይ ኑሮ መሥርተዋል ሲባል የሰማነውን በዐይናችን ለማየት ነበር። ከውቅሮ ወደ ምዕራብ ታጥፈን፣ የገርዓልታን ቀይ ገደል በሩቅ እየተመለከትን 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን የአብርሃ ወአጽብሐ መንደር ከፊታችን ተገለጠች።

መንደሪቱ ስሟን ያገኘችው በሁለቱ ወንድማማች ነገሥታት ስም ከሚጠራው፣ ከዐለት ተፈልፍሎ ከታነጸው ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛም ቤተ ክርስቲያኑን ከተሳለምን በኋላ ብዙ መንገደኛ ወደማይሄድበት ወደ ተራራው ወጣን።

ይህ አገር ከ30 ዓመት ገደማ በፊት አፈሩ ታጥቦ፣ ድንጋዩ አፍጥጦ፣ ሕዝቡ ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ ይስፈር እስከ መባል ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ግን መሬቱን ለማዳን ቈረጠ። ተራራውን ከከብት ከለለ፤ በየዓመቱም ጕልበት ያለው ሁሉ ያለ ደመወዝ የሚሠራበት ቀን ተወሰነለት። የሥራው ፍሬ በ2004 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ የኢኳቶር ሽልማት የተባለውን የተባበሩት መንግሥታት ሽልማት አስገኘ።

የሥራው ዘዴ ለማንም የሚገባ ነው። በተራራው ወገብ ላይ የድንጋይ እርከን ይደረደራል፤ ከእርከኑም በላይ ቦይ ይቈፈራል። ጐርፍ በሚወርድበት ሸለቆ ደግሞ ክትር ይሠራል፤ ክትር ማለት ውሃውን የሚያዘገይ የድንጋይ ግድብ ነው። እየተንደረደረ ይወርድ የነበረው ዝናብ በዚህ ምክንያት ቆም እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከተራራውም ግርጌ የጕድጓዱ ውሃ ከፍ ይላል። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ፈጥኖ በሚያቋርጥበት በዛሬው ጊዜ፣ ሰው የአትክልት ቦታውን የሚያጠጣው ከዚህ ጕድጓድ ነው። በማሳው መካከል የሚታየውም ዛፍ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው የግራር ወገን ነው። ሌላው ዛፍ ሁሉ በሚለመልምበት በክረምት እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ስለዚህም ሰብሉን ፀሓይ አይነሣውም። እንዲህ ያለ ጨዋ ዛፍ በሌላ ስፍራ ያየን አይመስለንም።

ነገር ግን የእርሻው መሬት አስቀድሞ ለአባቶች ተደልድሎ ስለ ነበር ልጆቻቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በትግራይ የተገኘው ብልኀት፣ በክለላ ያገገመውን ተራራ ለወጣቶች በማኅበር ማከፋፈል ነው። ዛፍ ብቻውን ወጣትን አያቆይም፤ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃልና። ንብ ግን ክረምቱ ከሠመረ በዚያው ዓመት ማር ትሰጣለች። ችግኝና ቀፎ በአንድ ተራራ ላይ የተጣመሩት ስለዚህ ነው።

ከወጣንበት ተራራ ላይ ሦስት ወጣቶች ተቀበሉን። ከክረምት በኋላ የሚያብበው ተበብ የተባለው ቍጥቋጦ አበባውን አውጥቶ ነበር፤ ዝነኛው የትግራይ ነጭ ማር የሚገኘውም በይበልጥ ከዚህ አበባ ነው። አንደኛው ወጣት በጢስ ንቦቹን አረጋግቶ ከዘመናዊው ቀፎ አንድ ፍሬም መዘዘልን። ችግኝ ጣቢያውን የምትመራው ወጣት ሴት ግን ማሩን ከማየታችን በፊት የችግኙን ረድፍ ቈጥረን እንድንጨርስ ግድ አለችን፤ እኛም እንደ ተማሪ ታዘዝን።

ማኅበራቸው ሲመሠረት 12 ነበሩ፤ ዛሬ ሰባት ናቸው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቈየው ጦርነት ቀፎው ተሰብሮ፣ ንቡ ተበትኖ ነበር። የኤሌክትሪክ ኀይልና ነዳጅ በጠፋበት በዚያን ጊዜ በብዙ የትግራይ ተራሮች ላይ ዛፍ ለማገዶ ተቈርጧል፤ ለዓመታት የተጠበቀውን ዛፍ መቍረጥ ምን ያህል እንደሚያም ወጣቶቹ ሲነግሩን ቃል አጠራቸው። ከጠፉት አምስት አባላት አንዱ ሞቷል፤ ሌሎቹ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄደዋል። እኛ በየቢሮአችን ተቀምጠን «ይህን ለሚያህል ወጣት ሥራ ተፈጠረ» ብለን በሪፖርት የምንጽፈው ቍጥር፣ የሄዱትን ይቀንስ እንደ ሆነ አንጠይቅም።

«እናንተስ ለምን አልሄዳችሁም?» ብለን ጠየቅን። ልጅቱ ሳቀችና፣ «ችግኙን ማን ያጠጣዋል?» አለች። ማር አቅራቢው ወጣት ግን አልሳቀም። «ዝናቡ ሁለት ዓመት በተከታታይ ቢቀር እኔም እሄዳለሁ። ይህን ላንሸሽጋችሁ ነው» አለን። ይህን ቃል ሳናሳምር እንዳለ ጽፈነዋል።

ፀሓይ ልትጠልቅ ስትል የዚሁ ወጣት ስልክ ጮኸ። የደወለው ከሄዱት አንዱ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ያለውም በሪያድ ከተማ ነው። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ እናታቸው ጤና ተነጋገሩ። በኋላ ወጣቱ ስልኩን በእጁ ከልሎ ወደ እኛ ዘወር አለና፣ «ቀፎዎቼ ንብ ገባባቸው ወይ እያለ ነው» አለን። ወደ ቀፎዎቹም ጥቂት ተራምዶ፣ ወንድሙ ድምፁን እንዲሰማ ስልኩን ከአንደኛው ቀፎ በር አጠገብ ያዘው።