የወንድምም መኪና ይመረመራል

«የምናውቀው ሰው ነው፤ በአንድ ኅብረት አብረን እንጸልያለን። የእርሱን መኪና መካኒክ አምጥቶ ማስፈተሽማ ነውር ነው!» የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለውን ንግግር ስንት ጊዜ ሰምታችሁ ይሆን?

የመጋቢ ሚስት እንደ መሆኔ ወደ ቤታችን ብዙ ዓይነት ጉዳይ ይመጣል። የተኳረፉ ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ አከራይና ተከራይ ይመጣሉ። መኪና የሸጠና መኪና የገዛ ወንድማማቾችም በአንድ ሶፋ ላይ ፊታቸውን አዙረው ሲቀመጡ ቡና አፍልቼ አቅርቤአለሁ። አንዱ «አታሎኛል» ይላል፤ ሌላው «አይቶ ነው የገዛው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሻጩ የሞተሩን ችግር ራሱም አያውቀውም ነበር፤ ገዥው ያየው ደግሞ ቀለሙንና ወንበሩን ብቻ ነው። በዚህ መካከል ብሩም ይጠፋል፣ ሰላምታውም ይቋረጣል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የሚገዛው ቪትዝም ሆነ ኮሮላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ ነው፤ የሚገዛበትም ገንዘብ የዕቁብ፣ የብድርና የብዙ ዓመት ቁጠባ ነው። ይህን ሁሉ በይሉኝታ ብቻ ማስረከብ ተገቢ ነውን?

እኔና ባለቤቴ መኪና የገዛነው ከምናከብራቸው አንድ አባት ነው። ገና ዋጋ ሳንነጋገር «ጋሼ፣ መካኒክ ይዘን ብንመጣ ቅር ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ እኔም ያለበትን ልወቅ» አሉኝ። መካኒኩ ራዲያተሩ እንደሚያፈስና የኋላው በር ተመትቶ እንደ ተቀባ አገኘ። ስለ በሩ እርሳቸው ራሳቸው ታሪኩን ነገሩን፤ ስለ ራዲያተሩ ግን አያውቁም ነበር። የማሠሪያው ከዋጋው ተቀነሰ። ዛሬም ሲያገኙን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መኪናዋ እንዴት ናት?» የሚል ነው።

መኪናውን ስታዩ

በጠዋት፣ በቀን ብርሃን ሂዱ፤ ሻጩም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት። የሞቀ ሞተር ብዙ ሕመሙን ይደብቃል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለበት ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል መካኒኩ በደንብ ይየው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ክፈቱ፤ ከሞቀ ያቃጥላችኋል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥታችሁ ከኋላ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ ያመለክታል፤ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ ሳይቃጠል እንደሚወጣ። በብርድ ጠዋት ጥቂት ነጭ ተን ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ግን የራዲያተር ውኃ እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል።

በሮቹና ኮፋኖው የሚገጥሙበት ክፍተት እኩል መሆኑን እዩ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በብረቱ ላይ አስኪዱት፤ አልይዝ ያለበት ቦታ ሥሩ ወፍራም ስቱኮ ሊኖር ይችላል። የኋላ ዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጣችሁ አዲስ ብየዳ ፈልጉ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ካለቀና መሪው ከተላጠ ሁለቱ አልተስማሙምና ጠይቁ።

ጎማው ላይ በአራት አኃዝ የታተመ ቁጥር አለ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። የመኪናው የሥሪት ዘመን ሲነገራችሁም በማን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ከዚያ ንዱት። አዲስ አበባ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ጥሩ ፈታኝ ነው። ስትወጡ ሙቀት መለኪያውን፣ ስትወርዱ ፍሬኑን ተከታተሉ። በኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሂዱና ከጎማዎቹ በኩል የሚንኳኳ ነገር ካለ አድምጡ። በመጨረሻም ጋራዥ ጉድጓድ ላይ አስቁማችሁ ከሥር ይታይ። መካኒኩን እናንተ ምረጡት፤ የድካሙንም ዋጋ እናንተው ክፈሉት። ደላላው ያመጣው ባለሙያ የሚያስበው ስለ ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ወረቀቱም ይታይ

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ከሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ካልሆነ ሕጋዊ ውክልናውን ጠይቁ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይስማማ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዥ የተረከበውን ዕቃ ቶሎ መርምሮ ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። እንግዲያው መመርመር ሕግም የሚያውቀው የገዥ ድርሻ ነው።

እናንተ የምትሸጡ ወገኖቼ ደግሞ፣ የምታውቁትን ጉድለት ገዥው ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ። ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ ግን ገዥው ከወር በኋላ በራሱ ጊዜ ሲደርስበት የሚፈጠረው ቅሬታ ከዚያ ይበልጣል። መካኒክ ይዞ የመጣውንም ሰው አትቀየሙት፤ ልጆቹን በዚያ መኪና ጭኖ ዳገትና ቁልቁለት የሚነዳው እርሱ ነው።

እኅቴ፣ ወንድሜ፣ መናገሩ ከከበዳችሁ ቃሉን ላውሳችሁ፦ «መኪናህን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ከገዛሁት በኋላ ከምናዝን ዛሬ አብረን እናስየው።» ይህን ሰምቶ የሚቆጣ ሰው ካጋጠማችሁ ቀብድ አትክፈሉ። በሰላም ተሰነባብታችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።